በረራ ቆጥሮ የከተሞችን ቅርበት መለካት አይቻልም፦ ሰሞኑን ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉና በየፌስቡኩ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የአውሮፓን ትልልቅ ከተሞች እርስ በርስ ያስተሳሰራቸው አውሮፕላን ነው ይላል። ጀርመን፣ ጣልያንና ስዊድን የሚኖሩ ወዳጆቼ እየደጋገሙ ልከውልኛል። አንዳንዶቹማ "ግሩም ነው፣ የግድ አንብበው" ብለው ነው የላኩት። አነበብኩት። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም እንደደከሙበት ያስታውቃል። ዋናው ሐሳቡ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩ ደግሞ እኛንም ይነካል። ብዙዎቻችን ቤተሰባችን በሦስትና በአራት የአውሮፓ ከተሞች ተበትኖ ነው የምንኖረው። ከተሞቹን ምን እንደሚያገናኛቸው፣ ምን እንደሚለያያቸው በትክክል ብናውቅ ይጠቅመናል።

ላላነበበው ሰው ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በሁለት ከተሞች መካከል በቀን ስንት በረራ አለ የሚለው የቅርበታቸው ትክክለኛ መለኪያ ነው። ሁለተኛ፣ በረራ ይቀድማል፤ ንግዱ፣ ፖለቲካውና የሰው ግንኙነቱ ይከተላል። ስለዚህ ከተሞችን ማቀራረብ የፈለገ መሪ መስመር ይክፈት። ሦስተኛ፣ የራሱ ትልቅ አየር መንገድና ትልቅ መተላለፊያ ኤርፖርት የሌለው ከተማ ከታላላቆቹ ተርታ ይወጣል። አራተኛ፣ ርካሽ አየር መንገዶች ያመጡት ቅዳሜና እሁድ ሊጠጣ የሚመጣ ቱሪስት ብቻ ነው፤ እውነተኛ ግንኙነት አልፈጠሩም። አምስተኛ፣ ባቡር አውሮፕላንን ሊተካ አይችልም፤ ፈረንሳይ አጫጭር በረራዎችን መከልከሏም ከተሞችን የሚያቆራርጥ ውሳኔ ነው። ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ያቀረብኩ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመለኪያው ልጀምር።

ለንደንና ፓሪስን እንውሰድ። በባሕር ሥር ባለው ዋሻ የሚያልፈው ባቡር፣ ዩሮስታር፣ ሥራ የጀመረው በኖቬምበር 1994 ነው። በ2007 በእንግሊዝ በኩል ያለው ፈጣን መስመር ሲጠናቀቅ ጉዞው ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወረደ። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሚጓዘው ሰው አብዛኛው በባቡር ነው የሚሄደው። በረራው ቀንሷል። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን ለንደንና ፓሪስ ከ1994 ወዲህ ተራርቀዋል ማለት ነው። ይህን የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ለንደን እየሠራ ቅዳሜና እሁድን ፓሪስ ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፍ ሰው ኑሮው የቀለለው በረራው በቀነሰበት በዚሁ ዘመን ነው።

ፓሪስና ብራስልስ ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ምሳሌ ናቸው። ኤር ፍራንስ ራሱ በ2001 ከብራስልስ ወደ ሻርል ደጎል ኤርፖርት የሚያደርገውን በረራ ትቶ መንገደኞቹን በፈጣን ባቡር ማጓጓዝ ጀመረ። ባቡሩ ከከተማ መሐል ከተማ መሐል የሚወስደው አንድ ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። አየር መንገዱ ራሱ "በዚህ መስመር ባቡር ይሻላል" ብሎ ከወሰነ፣ እኛ በረራ ቆጥረን ከተሞቹ ተራራቁ ማለት አንችልም።

ተቃራኒውንም እንየው። ከዱሰልዶርፍና ከሌሎች የጀርመን ከተሞች ወደ ስፔኗ የደሴት ከተማ ፓልማ ደ ማዮርካ በበጋ የሚበረው አውሮፕላን ብዛት ያስደንቃል። ይህ በረራ የሚለካው ጀርመኖች ፀሐይና ባሕር ምን ያህል እንደሚወዱ ነው። ዱሰልዶርፍና ፓልማ ግን በንግድ፣ በባንክ፣ በፖለቲካ ወይም በዩኒቨርሲቲ ከለንደንና ከፓሪስ የበለጠ ተሳስረዋል የሚል የለም።

ሌላም ችግር አለ፤ ትራንዚት። ፍራንክፈርት ከሚያርፈው መንገደኛ ግማሽ ያህሉ አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ነው። ከኦስሎ ተነሥቶ ፍራንክፈርት ላይ ቀይሮ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው በኦስሎና በፍራንክፈርት መስመር ላይ ይቆጠራል። ፍራንክፈርትን ያያት ግን በተርሚናል መስኮት ብቻ ነው። ጸሐፊው ከኦስሎ ወደ ፍራንክፈርት ያለውን የበረራ ብዛት የሁለቱ ከተሞች ቅርበት ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱ ይህን አላነሱም። ለሙግታቸው ዋና ማስረጃ ካደረጉት ማንሣት ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ልክ የሆኑበት ነገርም አለ። ሌላ አማራጭ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በደሴት ከተማ፣ የበረራ ብዛት ብዙ ይናገራል። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም ልበል። በረራ ይቀድማል፣ ወዳጅነት ይከተላል ይላሉ። እኔ ታሪኩን ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው የሰው ውሳኔ ነው። ወይ ስምምነት ነው፣ ወይ ሕግ ነው፣ ወይ ሻንጣውን ይዞ የተነሣ ስደተኛ ነው።

አቴንስና ስኮፕዬ የጎረቤት አገሮች፣ የግሪክና የዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ፣ ዋና ከተሞች ናቸው። ዩጎዝላቪያ ከፈረሰች ወዲህ "መቄዶንያ" በሚለው ስም የተነሣ ሁለቱ አገሮች ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል። በመካከላቸውም ለአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ቀጥታ በረራ አልነበረም። በጁን 2018 የፕሬስፓ ስምምነት ተፈረመ፤ አገሪቱም ሰሜን መቄዶንያ ለመባል ተስማማች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቀጥታ በረራው ተመለሰ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ፊርማው ነው የመጣው።

ሞስኮን ደግሞ እንመልከት። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ሞስኮ ከፍራንክፈርት፣ ከፓሪስ፣ ከለንደን ጋር በየቀኑ በብዙ በረራ የተሳሰረች ነበረች። መስመሮቹ ለአሥርት ዓመታት የቆዩ ናቸው። በጸሐፊው አስተሳሰብ እነዚያ ሁሉ በረራዎች ወዳጅነቱን ማጽናት ነበረባቸው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በቀናት ውስጥ ግን የአውሮፓ ኅብረት ሰማዩን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጋ፤ ሩሲያም መልሳ ዘጋች። ያ ሁሉ መስመር በአንድ ሳምንት ተቆረጠ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ማስረጃ ግን ኪየቭ ናት። ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮ የዩክሬን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው። ሆኖም ኪየቭ ከዋርሶ፣ ከብራስልስ፣ ከበርሊንና ከፓሪስ ጋር ያኔ ያገኘችውን ያህል የፖለቲካ ቅርበት ከዚያ በፊት አግኝታ አታውቅም። በማርች 2022 የፖላንድ፣ የቼክና የስሎቬንያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከተማዋ እየተደበደበች በባቡር ገቡ። በጁን 16 የያኔዎቹ መሪዎች፣ የፈረንሳዩ ማክሮን፣ የጀርመኑ ሾልትስና የጣልያኑ ድራጊ፣ ሌሊቱን በባቡር ተጉዘው ጠዋት ኪየቭ ጣቢያ ሲወርዱ ዓለም አያቸው። ከሳምንት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ለዩክሬን የዕጩነት ደረጃ ሰጠ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የመንገደኛ በረራ አልነበረም። ጽሑፉ ስለ ኪየቭ አንድ መስመር እንኳ የለውም። "በረራ ይቀድማል" የሚል ሰው ይህችን ከተማ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ጸሐፊው የሚመኩበት ምሳሌ የበርሊን የአየር ድልድይ ነው። እውነት ነው፤ ትልቅ ታሪክ ነው። በጁን 1948 ሶቪየት ኅብረት ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የየብስና የውሃ መንገድ ስትዘጋ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ከተማዋን በአየር መገቡ። ከ270 ሺህ በላይ በረራ ተደርጓል። ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ምግብ፣ የድንጋይ ከሰልና ሌላ ዕቃ ገብቷል። አውሮፕላን ባይኖር ኖሮ የምዕራብ በርሊን ዕጣ ሌላ ይሆን ነበር። ይህን ያለ ምንም ማንገራገር እቀበላለሁ።

ግን የዚያን ታሪክ ቀጣይ ክፍል ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ወደ ምዕራብ በርሊን መብረር የሚችሉት የሦስቱ አሸናፊ ኃያላን አገሮች አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ። እነ አሜሪካው ፓን አም፣ የብሪታንያውና የፈረንሳዩ ማለት ነው። እነርሱም በተወሰኑ ሦስት የአየር ኮሪደሮች ብቻ ነበር የሚያልፉት። የጀርመኑ ሉፍታንዛ ወደ ገዛ አገሩ ትልቅ ከተማ መብረር አይፈቀድለትም ነበር። የተፈቀደለት በ1990 ጀርመን ስትዋሐድ ነው። እንግዲህ በርሊን ውስጥ ማን እንደሚያርፍ የወሰነው የ1945ቱ የጦርነት ውጤት ነበር፤ ያን የቀየረው ደግሞ የግንቡ መፍረስ ነው። አየር መንገዱ ሁለቱንም ተከትሎ ነው የመጣው።

ከእኛም ታሪክ አንድ ምሳሌ ጠቅሰዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1958 ወደ ፍራንክፈርት መብረር ጀመረ፤ ዛሬ ፍራንክፈርት ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን ትልቅ ዘመን ይዘላል። ከ1958 እስከ 1974 ድረስ መስመሩ ነበረ፤ የሚበሩበት ግን ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዲፕሎማቶችና ጥቂት ባለጸጎች ነበሩ። ሕዝቡ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ቀይ ሽብርን፣ ጦርነትንና እስርን ሸሽቶ ነው የመጣው። ብዙው በሱዳን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ነው እዚያ አውሮፕላን ላይ የወጣው። ያ ሰው ከሌላ ከተማ ይልቅ ፍራንክፈርት ለማረፉ የኤርፖርቱ ትልቅነት አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። ከአገር ያስወጣውን ነገር ለአየር መንገድ መርሐ ግብር መስጠት ግን የእነዚያን ሰዎች ታሪክ መንጠቅ ነው። ይህ አንቀጽ ነው በጣም ያሳዘነኝ።

ሕጉንም ጸሐፊው ከነጭራሹ አልጠቀሱትም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የአውሮፓ ሰማይ የመንግሥታት ርስት ነበር። በሁለት አገሮች መካከል ማን ይብር፣ ስንት ጊዜ ይብር፣ በስንት ዋጋ ይብር የሚለውን የሚወስኑት ሁለቱ መንግሥታት ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ አገር አየር መንገዶች ገበያውን እኩል ይካፈሉ ነበር። ከ1987 እስከ 1992 በሦስት ዙር በወጡ ሕጎች ይህ ተነሣ። ከ1993 ጀምሮ የኅብረቱ አየር መንገድ ሁሉ በኅብረቱ ከተሞች መካከል በፈለገው መስመር እንዲበር ተፈቀደ፤ በ1997 ደግሞ በሌላ አባል አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መብረርም ተቻለ። ዛሬ የምናየው የበረራ ካርታ ከዚህ ነው የመጣው። በዚያው ዘመን የሼንገን ስምምነት በ1995 ሥራ ላይ ዋለ፤ በአባል አገሮቹ መካከል የፓስፖርት ቁጥጥር ቀረ።

ደብሊንና ለንደን ይህን በደንብ ያሳያሉ። አየርላንዳውያን ለንደን መኖር የጀመሩት አውሮፕላን ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የለንደንን መንገድና ቤት ከሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው። የሚመላለሱት በመርከብና በባቡር ነበር፤ በረራው ውድ ነበር። በ1986 ሁለቱ መንግሥታት ገበያውን ከፈቱ፤ ርካሹ የአየርላንድ አየር መንገድ ራያንኤር በነባሮቹ ዋጋ ግማሽ ባልሞላ ቲኬት ከደብሊን ወደ ለንደኑ ሉተን ኤርፖርት መብረር ጀመረ። መንገደኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አደገ። ዛሬ ይህ መስመር በአውሮፓ በጣም ከሚበዛባቸው ዓለም አቀፍ መስመሮች አንዱ ነው። ግንኙነቱ ግን መቶ ምናምን ዓመት ቀድሞ ነበረ። በረራው ሲረክስ ያን ግንኙነት አቀለለው፣ አበዛው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ከሚሉት ግን የተለየ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ሀብ፣ ማለትም ትልቅ መተላለፊያ ኤርፖርት፣ የሌለው ከተማ ይወድቃል የሚለው።

የሃንጋሪው ማሌቭ በፌብሩዋሪ 2012 በድንገት ሥራ አቆመ። ቡዳፔስት ብሔራዊ አየር መንገዷን በአንድ ጠዋት አጣች። ትራንዚት መንገደኛው ጠፋ፤ ከተርሚናሎቹ አንዱም ተዘጋ። ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ከተማዋ ማሽቆልቆል ነበረባት። በ2011 ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል መንገደኛ ያስተናገደው ኤርፖርት ግን በ2019 ከ16 ሚሊዮን በላይ አስተናገደ። ክፍተቱን ርካሽ አየር መንገዶች ሞሉት።

ብራስልስም ብሔራዊ አየር መንገዷን ሳቤናን በ2001 አጣች። የአውሮፓ ኅብረትም ኔቶም ግን እዚያው ናቸው። ጄኔቫ ትልቅ መተላለፊያ ሆና አታውቅም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት ግን እዚያው ነው። በርሊን አዲሱን ኤርፖርቷን የከፈተችው ከታቀደው ዘጠኝ ዓመት ዘግይታ፣ በኦክቶበር 2020፣ ዓለም በኮቪድ ተዘግታ ሳለ ነው። እስካሁንም የሉፍታንዛ ትልልቆቹ መተላለፊያዎች ፍራንክፈርትና ሙኒክ ናቸው። በርሊን ግን የጀርመን መንግሥት መቀመጫ ናት፤ ወጣት የሚጎርፍባት፣ ኪነ ጥበብና አዳዲስ ኩባንያ የሚፈላባት ከተማ ናት። ስምንት መቶ ሺህ እንኳ ያልሞላ ሕዝብ ያላት ፍራንክፈርት የአህጉሩ ትልቅ የአየር መተላለፊያ ናት። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የያዙት።

ሀብ መኖሩ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ሩቅ በረራ ይበዛል፤ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን አቅራቢያው መትከል ይወዳሉ፤ የሥራ ዕድሉም ብዙ ነው። ኩራትም ነው፤ ቦሌን የምናውቅ ሰዎች ይህ ስሜት ይገባናል። ጥቅም መሆኑና የከተማ ሕልውና መሆኑ ግን ይለያያል።

የገረመኝ ጽሑፉ በዚህ ነጥብ ላይ ዋናውን ነገር መዝለሉ ነው። ባለቤትነቱን። ሉፍታንዛ የስዊሱን፣ የኦስትሪያውንና የብራስልሱን አየር መንገድ አንድ በአንድ ገዝቷል፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የጣልያኑን ኢታ 41 በመቶ ያዘ። ብሪቲሽ ኤርዌይስና የስፔኑ ኢቤሪያ ከ2011 ጀምሮ በአንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ኤር ፍራንስና የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ከ2004 ጀምሮ አንድ ቡድን ናቸው። ስለዚህ ከዙሪክ ወይም ከቪየና ወደ ሩቅ አገር አዲስ መስመር ይከፈት አይከፈት የሚለው በከተማዋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በከተሞች መካከል የበላይና የበታች የሚፈጥረው ይህ ነው።

ግጭትም ያመጣል። በፌብሩዋሪ 2019 የኔዘርላንድ መንግሥት ለፓሪስ ሳይናገር የኤር ፍራንስ-ኬኤልኤምን 14 በመቶ ድርሻ ገዛ። የፈለገው በአምስተርዳሙ ስኪፖል ኤርፖርት ዕጣ ላይ እንደ ፈረንሳይ መንግሥት ድምፅ እንዲኖረው ነው። ፈረንሳይ በጣም ተቆጣች። በዚያ ሳምንት በፓሪስና በአምስተርዳም መካከል በረራው እንደወትሮው ነበር። ጸሐፊው ስለ አየር ጉዞና ስለ ከተሞች ግንኙነት ሲጽፉ ይህን ዓይነቱን ታሪክ ቢያነሱት ጽሑፋቸው ምንኛ በዳበረ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ላይ ደግሞ ጸሐፊው አውሮፕላኑን ያሳነሱት ይመስለኛል። ርካሽ በረራ ያመጣው ጠጪ ቱሪስት ብቻ ነው አሉ።

ቅሬታቸው መሠረት አለው። በጁላይ 2024 የባርሴሎና ነዋሪዎች "ቱሪስት ይብቃን" ብለው ሰልፍ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ የውሃ ሽጉጥ ይዘው ነበር። ቬኒስ በዚያው ዓመት የቀን ጎብኚን አምስት ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። የቤት ኪራይ ለአካባቢው ሰው የማይቀመስ ሆኗል። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶችም "ፍራንክፈርት" ብለው የሸጡት ኤርፖርት፣ ሃን፣ ከከተማዋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህን ሁሉ አብረን እንውቀስ።

"ብቻ" የምትለው ቃል ግን ብዙ ሰው ትሰርዛለች። በሜይ 1 ቀን 2004 አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀሉ። ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥራ ገበያቸውን ለአዲሶቹ ዜጎች ከፈቱ። በዚያው ወር ርካሹ አየር መንገድ ዊዝ ኤር የመጀመሪያ በረራውን ከፖላንዷ ካቶቪትሴ ወደ ለንደን ሉተን አደረገ። ከዚያ በፊት የፖላንድ ግንበኛ ቤተሰቡን ለማየት አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ ሄዶ ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ይገኛል። ልጁ ታማ ከሆነ ይደርስላታል። ክሉዥ፣ ካውናስ፣ ግዳንስክ በየዓለሙ ጋዜጣ የማይወሩ ከተሞች ናቸው። ከሉተንና ከደብሊን ጋር ያላቸው ትስስር ግን በነርስ፣ በሾፌር፣ በሽማግሌ ተንከባካቢ ደሞዝ የተሠራ ነው። ይህ እውነተኛ ግንኙነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እኛስ? አውሮፓ ውስጥ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ርካሽ በረራን ለምን እንደምንጠቀምበት እናውቃለን። እኅት ስቶክሆልም፣ ወንድም ሮም፣ የአክስት ልጅ ማንችስተር። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። አንድ ሰው አገር ቤት ወላጁ ሲሞትበት መሄድ ካልቻለ፣ መርዶውን የሚነግሩትና አብረውት የሚቀመጡት ዘመዶች ከየከተማው በዚያው ሌሊት ቲኬት ቆርጠው ነው የሚደርሱት። በየዓመቱ በአውሮፓ ከተሞች በተራ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል በዓል ላይ ያለውን ሰው ተመልከቱ፤ ከስንት ከተማ እንደመጣ። ሳምንት ሙሉ ጽዳት የሠራች እናት ሠላሳ ዩሮ ከፍላ እኅቷን ሄዳ ማቀፍ መቻሏ ከቱሪስት ቆጠራ ውጪ ሊቀር አይገባም።

እዚሁ ላይ ሌላ የተረሳ ነገር አለ፤ መስመሩ መኖሩ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ከፍራንክፈርት ወደ ሮም ቪዛ ሳይጠይቅ ይበራል። ወደ ለንደን ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻ፣ ክፍያ፣ የባንክ ሰነድ፣ ጥበቃ። በረራው ከለንደን ወደ ፍራንክፈርት በየቀኑ ሞልቷል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ልጅ ደግሞ ለየትኛውም በረራ ቲኬት መግዛቱ ብቻውን አይጠቅመውም። ለጀርመናዊ ነጋዴ ቅርብ የሆነችው ከተማ ለዚህ ልጅ በጣም ሩቅ ናት። የከተሞችን ቅርበት የሚለካ ሰው ለማን ቅርብ ናቸው ብሎ መጠየቅ አለበት።

አምስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ባቡር አውሮፕላንን አይተካም የሚለውን ማድሪድና ባርሴሎና መልሰውታል። ኢቤሪያ በ1974 የጀመረው "የአየር ድልድይ" የተባለው የምልልስ በረራ በዓለም በጣም ከሚበዛባቸው መስመሮች አንዱ ነበር፤ በ2007 ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአየር ተመላልሷል። በፌብሩዋሪ 2008 የ621 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ባቡር ተከፈተ፤ ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዛሬ ባቡሩ የመስመሩን አብዛኛውን መንገደኛ ወስዷል። ከ2021 ወዲህ ሌሎች የባቡር ኩባንያዎች ሲገቡ ደግሞ ዋጋው ወረደ።

የፈረንሳዩ ክልከላም እንደተወራው አይደለም። በሜይ 2023 ሥራ ላይ የዋለው ድንጋጌ የነካው ሦስት መስመሮችን ብቻ ነው፤ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ወደ ናንትና ወደ ቦርዶ። በሦስቱም ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች የሚወስድ ባቡር አለ። ሌላ በረራ ለመያዝ ለሚያልፍ መንገደኛ የሚደረግ በረራ አልተከለከለም። ሊዮንና ፓሪስ አልተቆራረጡም።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ልመለስ። ጸሐፊው በሙሉ ልክ የሚሆኑባቸው ከተሞች አሉ። ሊዝበንና ማድሪድ የጎረቤት አገሮች ዋና ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የነበረው የሌሊት ባቡር በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ባቡር የሚይዝ ሰው በየመንገዱ እየቀያየረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰዉ ይበራል። የባልቲክ አገሮችን ዋና ከተሞች ታሊንን፣ ሪጋንና ቪልኒየስን ከምዕራብ አውሮፓ ጋር የሚያገናኛቸው ፈጣን የባቡር መስመር ገና በመሠራት ላይ ነው። የአይስላንዷ ሬይክያቪክና የማልታዋ ቫሌታ ደግሞ በባሕር የተከበቡ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አንድ መስመር ሲዘጋ ሰው ሥራ ያጣል፣ ተማሪ ቤቱ መመለስ ያቅተዋል፣ በሽተኛ ሐኪሙ ጋ መድረስ ይቸገራል። በረራ ቁጠሩ የሚለው ሐሳባቸው እዚህ ይሠራል። የተሳሳቱት ይህን ከዳር ያሉ ከተሞች እውነት ወስደው ለለንደን፣ ለፓሪስ፣ ለማድሪድና ለኪየቭ ሁሉ ሕግ ሲያደርጉት ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ ሊዝበንና ስለ ሪጋ በስፋት ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ፤ ለወዳጆቼም እልካለሁ።